በቆዳ ላይ የተሣለ ምስክርነትና ቅጂው

በአንድ ልብስ ጀርባ ላይ የተሣለ ሥዕል በሥነ ጥበብ ሂስ ሚዛን ላይ ሊወጣ ይገባዋልን? ጥያቄው ለብዙ አንባቢ እንግዳ ይሆን ይሆናል። ሥዕል ሲባል በሸራ ተወጥሮ፣ በግድግዳ ተሰቅሎ፣ በዐውደ ርእይ ቀርቦ የሚታየውን ብቻ ማሰብ የተለመደ ነውና። ሆኖም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ሠራተኞች ለብሰዋቸው በነበሩት የቆዳ ጃኬቶች ጀርባ ላይ የተሣሉት ሥዕሎች በሙዚየም መስታወት ውስጥ ከገቡ ቈይተዋል። ከዚያም ዐልፎ እነዚህን ጃኬቶች ከስፌታቸው እስከ ሥዕላቸው እየቀዳ የሚሠራ የዕደ ጥበብ ዘርፍ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በጃፓን ተፈጥሯል፤ ቅጂዎቹን በፍቅር የሚሰበስቡም አያሌ ናቸው። ከሰብሳቢዎቹ የሚበዙት ጦር ሜዳ ያልዋሉ፣ በጦር አውሮፕላንም ያልበረሩ ሰላማውያን ሰዎች ናቸው። ጉዳዩ የልብስ ፋሽን ብቻ ሆኖ የማይቀረውም በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ሰው በሕይወትና በሞት መካከል ሆኖ በጀርባው ያሣለውን ምስክርነት ሌላው በገንዘቡ ገዝቶ ሲለብሰው ሥዕሉ ምን ይሆናል?

አስቀድሞ ልብሱን ማወቅ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የኢትዮጵያ መሆኑ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።) የአሜሪካ ምድር ጦር የአየር ክፍል በ1927 «ኤ-1» የተባለውን በቁልፍ የሚዘጋ የቆዳ ጃኬት ለአብራሪዎቹ መደበኛ ልብስ አድርጎ ነበር። በ1931 «ኤ-2» ተተካ። ይኸውም ፊቱ በዚፕ የሚዘጋ፣ ኮሌታው ተጭኖ በሚገጥም ቁልፍ የሚያዝ፣ በትከሻው የማዕረግ ማሰሪያ፣ በፊቱ ክዳን ያላቸው ሁለት ኪሶች የተሰፉበት፣ የእጅጌውና የወገቡ ጫፍ በሱፍ ሹራብ የተሠራ አጭር ጃኬት ነው። በብዛት የተሰፋው ከፈረስ ቆዳ ሲሆን ከፍየል ቆዳ የተሠራም ነበረ። በኮሌታው ሥር ያለው ጨርቅ የልብሱን ዓይነት፣ 30-1415 የሚለውን የንድፍ ቍጥር፣ የመንግሥቱን የግዥ ውል ቍጥርና የአምራቹን ስም ይዟል። ኤሮ፣ ራፍ ዌር፣ ፔሪ፣ ዱቦው የተባሉትና ሌሎችም ኩባንያዎች በዚህ ውል ይሰፉ ነበር። ንድፉ አንድ ሆኖ ሳለ የኮሌታው ሹል፣ የኪሱ ቅርጽ፣ የቆዳው ቀለም ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው ይለያይ ነበርና፣ የዛሬው ሰብሳቢ ኮሌታውን ብቻ አይቶ የፋብሪካውን ስም ይጠራል።

ከዚህ ሁሉ ለሥዕሉ ጉዳይ የሚበልጠው አንድ ነገር ነው፤ የኤ-2 ጀርባ ከአንድ ወጥ ቆዳ የተቈረጠ ነው። በመካከሉ ስፌት አያልፍበትም። ንድፉን ያወጡት መሐንዲሶች ሠዓሊን አላሰቡም፤ ነገር ግን ሳያስቡት ሸራ ሰጡ። በ1943 መንግሥት የቆዳውን ጃኬት ትቶ ወደ ጨርቅ ሲዞር ሠራተኞቹ አሮጌውን አልጣሉትም። በየጀርባው ላይ የግዳጁ ታሪክ ተሥሎ ነበርና።

ሠዓሊዎቹ እነማን ነበሩ? አብዛኞቹ ስማቸው አይታወቅም። መካኒክ፣ ጥይት አጉራሽ፣ ከጦርነቱ በፊት የሱቅ ምልክት ይጽፍ የነበረ፣ በትምህርት ቤት የሥዕል ክፍለ ጊዜ ይወድ የነበረ ወጣት ሁሉ ብሩሽ አነሣ። ቀለሙም የተገኘው ነበር፤ የዘይት ቀለም፣ የቤት ቀለም፣ ለአውሮፕላን መቀቢያ የመጣው ሁሉ። ከታወቁት ጥቂቶች አንዱ ቶኒ ስታርሰር ነው። በእንግሊዝ አገር በባሲንግበርን ሰፍሮ በነበረው በ91ኛው የቦምብ ጣይ ምድብ ውስጥ ሲያገለግል ከመቶ በላይ በሆኑ አውሮፕላኖች አፍንጫ ላይ ሥሏል። «ሜምፊስ ቤል» በተባለችው ቢ-17 ላይ ያለችው ሴት የእርሱ ሥራ ናት። ምንጯ ጆርጅ ፔቲ የተባለው ሠዓሊ ለ«ኤስኳየር» መጽሔት የሣላት ሴት ስትሆን፣ በአውሮፕላኗ ግራ ጐን ሰማያዊ፣ በቀኝ ጐን ቀይ የዋና ልብስ ለብሳ ትታያለች። የአውሮፕላኗ ሠራተኞች ይህችኑ ሥዕል በጃኬታቸው ጀርባ ላይ አሥለው ለብሰዋል።

እንግዲህ የሥዕሉ የመጀመሪያ ምንጭ ራሱ ቅጂ ነበር። ከመጽሔት ገጽ ወደ አውሮፕላን ብረት፣ ከብረቱ ወደ ፈረስ ቆዳ የተገለበጠ ነው። የሴትን አካል የዐይን ማጥገቢያና የዕድል ክታብ አድርጎ የሚያየው የዚያ ዘመን መጽሔት አመለካከትም አብሮ ተገልብጧል። በዚህ በኩል ሥዕሎቹን ከኂስ ነጻ ማድረግ አይቻልም። የዋልት ዲስኒ ስቱዲዮም በጦርነቱ ጊዜ ለልዩ ልዩ ክፍሎች ከ1,200 በላይ ዓርማዎች ያለ ዋጋ ነድፏልና፣ በየጃኬቱ ደረት ላይ የሚታዩት ሣቂ ዳክዬዎችና ውሾች ከዚያው የፊልም ፋብሪካ የወጡ ወይም ያንኑ የመሰሉ ናቸው። በፈጠራ ረገድ ከተመዘኑ ብዙዎቹ ሥዕሎች ደካማ ናቸው። የሴቲቱ ክንድ ይረዝማል፣ ፊደሉ መስመሩ መጨረሻ ላይ ይጨናነቃል፣ ቀለሙ ከቆዳው ጋር አይስማማም።

ነገር ግን ከሴቲቱ በታች በረድፍ የተደረደሩትን ትናንሽ ቦምቦች መመልከት ያስፈልጋል። እያንዳንዷ ቦምብ አንድ ግዳጅ ናት። የ8ኛው የአየር ኃይል ቦምብ ጣይ ሠራተኛ ወደ አገሩ ለመመለስ በ1943 ዓመት 25 ግዳጅ መፈጸም ነበረበት፤ በ1944 ቍጥሩ ወደ 30፣ ቈይቶም ወደ 35 ከፍ አለ። ጥቅምት 14 ቀን 1943 በሽቫይንፉርት ላይ በተደረገው ዘመቻ ብቻ 60 ቢ-17 አውሮፕላኖች አልተመለሱም፤ እያንዳንዱ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሰዎች ይዞ የሚበር ነበር። ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ ከ8ኛው የአየር ኃይል ከ26,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ በቆዳው ላይ ያለችው ዘጠነኛዋ ቦምብ «ዘጠኝ ጊዜ ወጥቼ ዘጠኝ ጊዜ ተመለስሁ» ማለት ነበረች። ረድፉ በአሥራ አንድ ወይም በአሥራ አራት ላይ የተቋረጠ ጃኬት ሲገኝ፣ ከቦምቦቹ ቀጥሎ ያለው ባዶ ቆዳ ከተሣለው ይልቅ ይናገራል። ይህ ሥዕል እንደ ሥዕል የደከመውን ያህል እንደ ሰነድ የበረታ ነው። በአንድ ቀን አልተሣለም፤ ሠዓሊው በፈለገው ጊዜም ሊጨርሰው አይችልም ነበር። የሥራው ርዝመት የሚወሰነው በለባሹ ዕድሜ ነው።

ይህም ሲባል ምስክርነቱ ሁሉ ንጹሕ ነበር ማለት አይደለም። ሜምፊስ ቤል 25 ግዳጅ ፈጽማ በሰኔ 1943 ወደ አሜሪካ ተመልሳ በየከተማው ስትዞር፣ ዊልያም ዋይለርም በ1944 የወጣውን ዘጋቢ ፊልም ሲሠራባት፣ «ሄልስ ኤንጅልስ» የተባለችው የ303ኛው ምድብ አውሮፕላን ግንቦት 13 ቀን 1943፣ ማለትም ከእርሷ በጥቂት ቀናት ቀድማ፣ 25 ግዳጇን ጨርሳ ነበር። የመንግሥት የማስታወቂያ ሥራ ከብዙ ረድፎች አንዱን መረጠ። ዛሬ ቅጂ ሠሪዎች አዘውትረው የሚሥሉት ያንኑ የተመረጠውን መሆኑ አያስደንቅም።

ሥዕሉ የሚነበበው በጓደኛ ዐይን ብቻ አልነበረም። ኅዳር 26 ቀን 1943 (በአውሮፓ አቈጣጠር) በብሬመን ላይ በተደረገው ዘመቻ አውሮፕላኑ ተመትቶ የተማረከው የ351ኛው ምድብ የቦምብ አነጣጣሪ ኬኔት ዊልያምስ በጃኬቱ ጀርባ ላይ «መርደር ኢንክ» የሚል ጽሑፍ ነበረው። ትርጕሙ «የነፍስ ግድያ ኩባንያ» ማለት ነው። ስሙ የኒው ዮርክ ጋዜጦች ለአንድ የወንበዴ ቡድን ያወጡት ሲሆን አብራሪዎቹ ለአውሮፕላን የሰጡት በቀልድ ነበር። የናዚ ፕሮፓጋንዳ ግን ፎቶግራፉን አንሥቶ፣ አሜሪካኖች ነፍሰ ገዳይነታቸውን ራሳቸው በጀርባቸው ጽፈው መጡ በማለት በየጋዜጣው አሳተመው። ናዚዎች ስለ ነፍስ ግድያ ለመናገር የሞራል መብት እንዳልነበራቸው ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ቀልድ ከተሣለበት ሰፈር ወጥቶ ቦምብ በወደቀበት ከተማ ሲነበብ ቀልድነቱ እንደሚያከትም ጃኬቱ አሳየ። ይህን የመሰለ የንባብ መለወጥ በቴአትር ቤት ውስጥ እንኳ አልፎ አልፎ የሚገኝ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ በቻይና ግንባር በነበሩት አብራሪዎች ጀርባ ላይ የሚሰፋው ጨርቅ ሆን ተብሎ ለባዕድ አንባቢ የተጻፈ ነበር። የቻይና ባንዲራ ያለበት፣ በቻይንኛ ፊደል የተጻፈበት ይህ ጨርቅ፣ ለባሹ ቻይናን ሊረዳ የመጣ የውጭ ሰው መሆኑን ገልጾ ወታደሩም ሲቪሉም እንዲያድነው ይጠይቃል። አብራሪው ራሱ ሊያነበው የማይችለው ደብዳቤ ነው። የሚያነበው በሩዝ ማሳ ውስጥ የሚያገኘው ገበሬ ነው፤ ገበሬውም ካላነበበ ጎረቤቱ ያነብለታል። በዚያው በቻይናና በሕንድ ግንባር የአካባቢው ዕደ ጥበበኞች ከቀለም ቆዳ ቈራርጠው የሰፏቸው ዓርማዎች በጥራታቸው የተመሰገኑ ናቸው። የሠሩት እጆች ግን እንደ እንግሊዙ ሰፈር መካኒኮች ያለ ስም ቀርተዋል።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ጃኬቱን በሕይወት ያቈየው ከሁሉ በላይ ሲኒማ ነው። ስቲቭ ማክዊን በ1963 «ዘ ግሬት ኢስኬፕ» በተባለው ፊልም ኤ-2 ለብሶ ታየ። በ1986 «ቶፕ ገን» የባሕር ኃይሉን የቆዳ ጃኬት ለመላው ዓለም ወጣት ሸጠ። የአሜሪካ አየር ኃይል ራሱ በ1988 ኤ-2ን ለአብራሪዎቹ እንደገና ሲያድል፣ በ1990 ደግሞ ስለ ሜምፊስ ቤል የልብ ወለድ ፊልም ወጣ። በ2024 ስለ 100ኛው ምድብ የቀረበው «ማስተርስ ኦቭ ዚ ኤር» የተባለው ተከታታይ ፊልም ፍላጎቱን እንደገና ቀሰቀሰው። በዚህ መካከል ተራ የገበያ ቅጂ ያላረካቸው ሰዎች በየአገሩ ተነሡ። በእንግሊዝ ዴቨን የሚገኘው ኢስትማን፣ በጃፓን ቶዮ ኢንተርፕራይዝ በ1993 ያቋቋመው ባዝ ሪክሰንስ ከሚጠቀሱት ዋናዎቹ ናቸው።

የእነዚህን ሰዎች ሥራ አቃልሎ መናገር ስሕተት ነው። የፈረስ ቆዳ በ1930ዎቹ በአሜሪካ በብዛት የሚገኝ ዕቃ ነበር፤ ዛሬ ብርቅ ነው። በጃፓን ሂሜጂ ከተማ ያሉ ቆዳ አልፊዎች የፈረስ ቆዳን ከዕፅዋት በሚገኝ ማልፊያ ለብዙ ጊዜ አልፍተው፣ ሲለበስ የሚያበራና የሚሸበሸብ አድርገው ያወጡታል። ቅጂ ሠሪው አሮጌ ጃኬት ፈትቶ የእያንዳንዱን ቍራጭ ልክ ይወስዳል፤ ስፌቱን በኢንች ይቈጥራል፤ በጥጥ ክር ይሰፋል፤ የዚፑን ጥርስና መጐተቻ እንደ ጥንቱ ያስቀርጻል። ሰብሳቢውም በበኩሉ የአንድ ኮሌታ ሹል በጥቂት ሚሊ ሜትር ከሳተ ይመልሰዋል። ቆዳ የሚያለፋውን ሰው «ፋቂ» ብሎ ሲንቅ የኖረ ኅብረተሰብ፣ ስፌት በሚቈጥር በዚህ ገዥ ፊት ቆም ብሎ ቢያስብ አይጐዳም። በልብሱ ረገድ ቅጂው ከምንጩ አያንስም፤ አንዳንዴም በጥድፊያ ከተሰፋው የጦርነት ጊዜ ጃኬት ይሻላል።

የድርጅቱ ስም ግን ለሐያሲ የሚተው አይደለም። ባዝ ሪክሰን በ1962 በወጣው «ዘ ዋር ላቨር» በተባለው ፊልም ውስጥ ስቲቭ ማክዊን የተጫወተው የቢ-17 አብራሪ ነው። ፊልሙ የተወሰደው ጆን ኸርሲ በ1959 ካሳተመው ልብ ወለድ ሲሆን፣ የርእሱ ትርጕም «ጦርነት ወዳዱ» ማለት ነው። ገጸ ባሕርዩ በበረራ ችሎታው ወደር የሌለው፣ ነገር ግን ማጥፋትን የሚወድ ሰው ነው፤ በመጨረሻም ይጠፋል። ታሪኩ የተጻፈው የዚህን ዓይነት ሰው ውስጣዊ ባዶነት ለማሳየት ነበር። ገበያው ሰውየውን ትቶ ጃኬቱን ወሰደ። ከዚህም የባሰ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አለ። ዊልያም ጊብሰን በ2003 ባሳተመው ልብ ወለድ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ የዚሁ ድርጅት ሥራ የሆነ ጥቍር ጃኬት አለበሳት፤ እርግጥ ይህኛው የቆዳ ሳይሆን የናይለን ነው። ድርጅቱ እንዲህ ያለ ጥቍር ጃኬት ሠርቶ አያውቅም ነበር። አንባቢዎች ሲጠይቁ ጊዜ ሠራው። ምንጭ የሌለው ቅጂ በዚህ መንገድ ተወለደ።

ወደ ሥዕሉ ሲመጣ ጉዳዩ ይለወጣል። ዛሬ ቅጂ ጃኬት ላይ የሚሥለው ሰው በአብዛኛው የሠለጠነ ባለሙያ ነው። የቆዳውን መወልወያ በአሴቶን ጠርጎ ያነሣል፤ ከቆዳው ጋር የሚተጣጠፍ አክሪሊክ ቀለም በስሱ ይደራርባል፤ ሴቲቱ ትክክለኛ ክንድ፣ ፊደሉ እኩል ርቀት ያገኛል። ከዚያ በኋላ፣ ይህን ሁሉ ከደከመበት በኋላ፣ የብርጭቆ ወረቀት አንሥቶ ይፈገፍገዋል። በክርን መታጠፊያ፣ በትከሻ አጥንት ላይ፣ አብራሪው ከወንበሩ ጋር ይጋጭበት ነበር በሚባልበት ቦታ ሁሉ ቀለሙን ያሳሳዋል፤ በሰው ሠራሽ ስንጥቅ ሰማንያ ዓመት ይጨምርበታል። የጥንቱ ቀለም የተሰነጠቀው የማይተጣጠፍ ቀለም በሚተጣጠፍ ቆዳ ላይ ስለ ተቀባና ሰው ስለ ለበሰው ነበር። የዛሬው ግን የሚሰነጠቀው ሠዓሊው ስላሰበው ነው። ሁለቱ ስንጥቆች ለዐይን ይመሳሰላሉ። የመጀመሪያው የአለባበስ ውጤት ሲሆን ሁለተኛው የአለባበስ ሥዕል ነው።

ይህም ቢሆን በራሱ ነውር አይደለም። ቴአትር ቤት ውስጥ በጥንት ዘመን ልብስ ላይ እድፍ የሚቀባ ሰው ዋሾ አይባልም። በፉከራና በሽለላ መድረክ ላይ ለምድ ደርቦ፣ ጎፈር ደፍቶ የሚወጣው ዘፋኝ አንበሳ እንዳልገደለ ተመልካቹ ሁሉ ያውቃል፤ ጎፈሩ ከሰው ሠራሽ ጠጕር መሠራቱም ማንንም አያስቀይምም። መድረኩ ራሱ «ይህ ትርኢት ነው» ብሎ ይናገርለታልና። የጃኬቱ ቅጂ ችግር መድረክ የሌለው መሆኑ ነው። በመንገድ ላይ፣ በካፌ ውስጥ፣ በአውሮፕላን ትርኢት ሜዳ ላይ ይለበሳል፤ ትርኢት መሆኑን የሚናገርለት መጋረጃ የለም።

ስለዚህ የቅጂ ሥዕሎችን ሁሉ በአንድ ዐይን ማየት አይገባም። የታወቀ ሰው ጃኬት፣ በሙዚየም ያለ ወይም ፎቶግራፉ የተገኘ፣ ከነስሙና ከነቦምቡ ቍጥር ሲገለበጥ ሥራው ከመጽሐፍ ግልበጣ ጋር ይቀራረባል። ገልባጩ የሌላውን ድርሰት ያባዛል እንጂ የራሱን ታሪክ አይጽፍም፤ የረዘመውን ክንድና የተጨናነቀውን ፊደል እንዳለ የሚተው ገልባጭም ከሚያርመው ይበልጣል። የልጅ ልጅ የአያቱን ጃኬት ከአንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ላይ ሲያሠራ ደግሞ ቦምቦቹ ባለቤት አላቸው፤ እንዲህ ያለውን ሥራ መንቀፍ ከንቱ ጥብቅነት ይሆናል። በቻይና ግንባር ጨርቅ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዛሬ በቶኪዮ ወይም በለንደን ጎዳና ላይ ያ ደብዳቤ ማንን ያድናል? ጽሑፉ ወደ ጌጥነት ወርዷል፤ ፊደሉን የማያነብ ለባሽም እንደ ሐረግ ይቈጥረዋል።

ጨርሶ ሊወደስ የማይችለው ሌላ ነው። ይኸውም «ንድፍ» እየተባለ የሚሠራው ነው፤ ከአንዱ ጃኬት ሴቲቱ፣ ከሌላው ስሙ፣ ከሦስተኛው ዓርማው ተለቃቅሞ፣ ከሥሩ ለዐይን ደስ እንዲል 25 ወይም 30 ቦምብ ይደረደርለታል። አንዳንድ ጊዜም ደንበኛው የቦምቡን ቍጥር ራሱ ይመርጣል። እነዚህ ቦምቦች የማንም ግዳጅ አይደሉም። ማንም አልተመለሰባቸውም፤ ማንም አልቀረባቸውም። የረድፉን መልክ ይዞ ትርጕሙን አፍስሶታል። የጥንቱ ሠዓሊ ሃያኛዋን ቦምብ ለመሣል የሚጠብቀው የአንድን ሰው በሕይወት መመለስ ነበር፤ የዛሬው ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ብዙ ሰብሳቢዎች ይህን ያውቁታል፤ ከእነርሱም መካከል ጠንቃቆቹ የጀርባውን ቆዳ ባዶ አድርገው የሚያሰፉ ናቸው። ባዶ ጀርባ ያለው ቅጂ ሐቀኛ ልብስ ነው።

«ቀለም ብቻ አይደለምን? ይህ ሁሉ ቁም ነገር ለምን?» የሚል ይኖራል። መልሱ የሚገኘው ቦምቧን ከታች ሆኖ በማየት ነው። በኢትዮጵያ ላይ የመጡት የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖችም ሥዕል ነበራቸው። ጋሌያሶ ቻኖ ያዝዘው የነበረው፣ «ላ ዲስፔራታ» የተባለው 15ኛው የቦምብ ጣይ ስኳድሮን ዓርማው የራስ ቅል ነበር፤ በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. በዓድዋ ላይ ቦምብ ከጣሉት መካከል ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ስትደበደብ የቀይ መስቀል ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። በዚያው ጦርነት የበረረው ቪቶሪዮ ሙሶሊኒ በኋላ ባሳተመው የትዝታ መጽሐፍ ውስጥ በፈረሰኞች መካከል የወደቀች ቦምብ ስትፈነዳ ማየቱን ከጽጌረዳ መፈንዳት ጋር አመሳስሎ፣ እንደ መዝናኛ አድርጎ ተርኮታል። ውበትን ከሰው ለይቶ የሚያይ ዐይን የት እንደሚደርስ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ መፈለግ አያሻም። ሁለቱ ጦርነቶች አንድ አይደሉም፤ ፋሺዝምን ለመምታት በጀርመን ሰማይ ላይ የሞተውን ወጣት ከዓድዋው ደብዳቢ ጋር ማስተካከል ግፍ ነው። ነገር ግን በሁለቱም ዘንድ የተሣለች ትንሽ ቦምብ የወደቀችበት ከተማ አላት። የብሬመን ልጅና የደሴ ልጅ ቀና ብለው ያዩት የአውሮፕላኑን ሆድ እንጂ በአፍንጫው ላይ ያለውን ቀልድ አልነበረም። በእውነተኛው ጃኬት ላይ ያለችው ቦምብ የለባሹን መመለስ ብቻ ሳይሆን ይህንንም መዝግባለች፤ ለዚህ ነው ከባድ የምትሆነው። ከተማ የሌላት ቦምብ በጌጥነት ስትሣል የሚጠፋው የአብራሪው ክብር ብቻ አይደለም፤ በምድር የነበሩትም አብረው ይሰረዛሉ።

የማይዘለል አንድ የተግባር ጉዳይ ይቀራል። እውነተኛ ሥዕል ያለበት ጃኬት በብዙ ሺ ዶላር ስለሚሸጥ፣ ባዶ የነበረውን የጦርነት ጊዜ ጃኬት ዛሬ ሥሎ እንደ ጥንት የሚያቀርብ አታላይ አልጠፋም። ገዥዎች በጨለማ ክፍል ውስጥ አልትራ ቫዮሌት መብራት እያበሩ አዲስ ክርና አዲስ ቀለም ያበራ እንደሆነ ይፈትሻሉ። አዋቂ ቅጂ ሠሪዎች ግን የጥንቱን ክርና የጥንቱን ቀለም እየፈለጉ በሚሠሩበት በአሁኑ ጊዜ ይህ ፈተና እየደከመ ይሄዳል። ከኮሌታው ሥር ያለው ጨርቅ እንኳ ከነውል ቍጥሩ ተገልብጦ ይሰፋል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ እነዚህ ቅጂዎች በእውነት ተለብሰው፣ በእውነት ተሰንጥቀው ሲገኙ፣ የሙዚየም ሠራተኛው የማንን ታሪክ እንደሚያነብ ለማወቅ ይቸገራል። በሥራቸው የሚተማመኑ ሠዓሊዎች ይህን ከወዲሁ ሊያቃልሉት ይችላሉ። የሣለው ሰው ስም፣ የተሣለበት ዓመት፣ የተገለበጠውም የማን ጃኬት እንደ ሆነ በማይለቅ ቀለም ሊጻፍ ይገባል፤ በገበሩ በኩል፣ ከዚያ ከተገለበጠው የውል ጨርቅ ጐን፣ ለዚህ የሚበቃ ቦታ አለ።